ከጥሊሊ የቴሌቪዥን ግድግዳ ፊት

ከቡሬ ወደ እንጅባራ የሚወስደው አስፋልት ጥሊሊን አቋርጦ ያልፋል። በግራና በቀኙ ከተደረደሩት ሱቆች መካከል ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠውን ለመለየት ማስታወቂያ ማንበብ አያስፈልግም፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ከበሩ ሰማያዊ ብርሃን ይወጣል። ውስጥ ግድግዳው ከወገብ በላይ ቴሌቪዥን ብቻ ነው፦ ባለ 32፣ ባለ 43፣ ከመሀል ደግሞ አንድ ባለ 55 ኢንች። የሁሉም ጀርባ ላይ ፍላሽ ተሰክቷል፤ የሚያሳዩትም አንድ ዓይነት ቪዲዮ ነው። ቀይ በቀይ የሆነ በቀቀን፣ በዝግታ የሚቆረጥ ብርቱካን፣ ከሰማይ የተቀረፀ የሩቅ አገር ከተማ በሌሊት።

ድንቻቸውን ሸጠው የመጡ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ቆመዋል። «ያ የሚንቦገቦገው ስንት ነው?» አሉ በከዘራቸው እየጠቆሙ። ሻጩ «ዓይንዎ ጥሩ ነው አባቴ፤ ብዙ ሰው የሚወስደው እሱን ነው» አላቸው። ልጅየው ካርቶኑን እያገላበጠ «ፎር ኬ ነው? ስማርት ነው?» ይላል። ከዚያ በኋላ የቀረው ሁሉ የዋጋ ክርክር ሆነ። ስለ ምስሉ የጠየቀ የለም። ምኑ ይጠየቃል? ሁሉም እያየው!

## ሻጩ የሚያውቀው

አባትና ልጅ «ዞረን እንመጣለን» ብለው ሲወጡ ሻጩ ሪሞቱን አንስቶ ያንኑ ቴሌቪዥን «ዳይናሚክ» ከሚለው አሠራር ወደ «ሲኒማ» ቀየረው። በቀቀኑ ወዲያው ቀዘቀዘ፤ ነጩ ደመናም ወደ ቢጫ ያዘነበለ መሰለ። «እንዲህ አድርጌ ብሰቅለው አንድም አልሸጥም» አለ እየሳቀ።

ፋብሪካዎች ቴሌቪዥን ሲያወጡ ለሱቅ የሚሆን አሠራር አብረው ይሰጡታል። ብርሃኑ እስከ ጥግ ይከፈታል፣ ቀለሙ ይጋነናል፣ ነጩ ወደ ሰማያዊ ይገፋል። ስቱዲዮዎች ፊልምም ሆነ ዜና ሲያዘጋጁ «ነጭ» ብለው የተስማሙበት ብርሃን 6500 ኬልቪን ነው፤ ለቀትር ብርሃን የቀረበ። የሱቁ አሠራር ይህን በእጅጉ አልፎ ይሄዳል። ሁለት ስክሪን ጎን ለጎን ሲሰቀል ደግሞ ዓይናችን ደማቁንና ሰማያዊውን «ንጹሕ» ብሎ ይፈርድለታል፤ ልከኛው አጠገቡ ያረጀ ይመስላል። ልከኛውን ብቻውን ጥቂት ደቂቃ ብናየው ግን ዓይን ይለምደዋል፣ ያ ቢጫነቱም ይጠፋል። ሱቅ ውስጥ ያን ያህል ደቂቃ ዝም ብሎ የሚቆም ገዢ የለም፤ የሚታገሥ ሻጭም አላየሁም።

ይህ የገጠር ከተማ ገዢ የዋህነት ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. ክሪስቶፈር ኖላንና ማርቲን ስኮርሴዚን የመሳሰሉ ዳይሬክተሮች የደገፉት «ፊልምሜከር ሞድ» የሚባል አሠራር ይፋ ሆኖ፣ ትልልቅ አምራቾች ተቀብለው ቴሌቪዥናቸው ውስጥ አስገቡት። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ቴሌቪዥኑ በራሱ ሥልጣን ማሳመሩን ይተው፣ የተሠራውን እንደተሠራ ያሳይ። የሎስ አንጀለስ ተመልካችም በሚንቦገቦገው ሲታለል ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ።

> «ሲኒማ ላይ አድርጌ ብሰቅለው አንድም አልሸጥም።»

## ሰሃኖቹ ፊታቸውን ያዞሩበት ዓመት

ቴሌቪዥን ኢትዮጵያ ውስጥ በ1957 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ቀለም ያገኘው በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ በተከበረበት ሰሞን ነው። በአንቴና ዘመን ጥራት ማለት መታየት ማለት ነበር። አንዱ ጣራ ላይ ወጥቶ ብረቱን ያዞራል፣ ሌላው ከታች ሆኖ «መጣ! አለፈ! ትንሽ መልሰው!» እያለ ይጮኻል። ምስሉ በነጭ ነጠብጣብ ተሸፍኖም ቢሆን ተናጋሪው ማን እንደሆነ ይለይ ነበር። በጥሩና በመጥፎ መካከል ብዙ ደረጃ ነበረ፤ ሰውም በደረጃው ልክ ይታገሣል።

ሳተላይቱ ያን ደረጃ አጠፋው። ዲጂታል ምስል ቁጥር ሆኖ ስለሚመጣ ወይ ሙሉውን ይደርሳል ወይ ይቆራረጣል፤ መካከሉ በጣም ጠባብ ነው። ጥሊሊ ውስጥ ዲሽ የሚተክል ወጣት ይህንን በአጭሩ ይጨርሰዋል፦ «ዲሽ ቀለም አያሳምርም። ከገባ ገባ ነው።» ደንበኞቹ ግን ትልቅ ሰሃን ሲተከል ምስሉ የሚያምር ይመስላቸዋል። የሚያሳስታቸው ሪሲቨሩ ላይ የሚወጣው «ኳሊቲ» የሚል መስመር ነው። መስመሩ የሚናገረው ቁጥሩ ሳይበላሽ መድረሱን እንጂ የምስሉን ጥራት አይደለም። ኳሊቲው 60 ሲሆን የሚታየው ፊት 85 ሲሆንም ያው ፊት ነው።

ትርፉ የሚታወቀው ሲዘንብ ነው። ጥሊሊ ያለችበት የአዊ ክረምት ቀልድ አያውቅም። ጥቁሩ ደመና ሲወርድ ከሳተላይት የሚመጣውን ሞገድ የዝናቡ ጠብታ ያዳክመዋል። ኳሊቲው የተረፈው ቤት ዜናውን ይጨርሳል፤ ኳሊቲው ለክፉ ያልተዘጋጀው ቤት ስክሪኑ ካሬ ካሬ ሆኖ ዜና አንባቢው አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ስለዚህ ሰሃኑን በጥንቃቄ ማስተካከል ዋጋ አለው፤ የሚገዛው ግን የዝናብ ቀን እንጂ ቀለም አይደለም።

ያ ወጣት ከሁሉ የሚያስታውሰው 2012 ዓ.ም.ን ነው። ኢትዮሳት መጥቶ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ናይልሳትን እየለቀቁ ሲሄዱ፣ ወደ ምዕራብ ተተክሎ የኖረው ሰሃን ሁሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ማዞር ነበረበት። ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ነው፤ ኢትዮሳት የሚጠቀምበት ሳተላይት ደግሞ በምሥራቅ 57 ዲግሪ። ለእኛ አገር የኋለኛው ይበልጥ ወደ አናት ስለሚቀርብ ሰሃኖቹ መዞር ብቻ ሳይሆን ቀና ማለትም ነበረባቸው። «ከጣራ ሳልወርድ የከረምኩበት ጊዜ ነው» ይላል።

ነገር ግን ከጣራው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰሃኑ ከተተከለ በኋላ ሳሎን ውስጥ የሚሆነው ነው። በብዙ ቤት ሪሲቨሩ ከአዲሱ ቴሌቪዥን ጋር የተገናኘው በዚያ በአሮጌው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው ገመድ ነው። ቢጫው ገመድ ብርሃኑንም ቀለሙንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ይልካል፤ ቴሌቪዥኑ ከዚያ መልሶ ሊለያይ ሲሞክር የቀይ ልብስ ጠርዝ ይቀልጣል፣ ጽሑፍ ይንቀጠቀጣል። በአንድ ኤችዲኤምአይ ገመድ መቀየር ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ በትንሹ ወጪ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣ ነገር ነው። ሪሲቨሩም ውስጥ ገብቶ መውጫውን ከ576 ወደ 1080 ማድረግ ያስፈልጋል። የዲሽ ሠራተኛው ይህን ያውቃል፤ «ሰው ምስል ካየ ይበቃዋል፣ ገመድ ግዛ ስለው ላተርፍበት ይመስለዋል» ነው መልሱ።

## ከአንድ ነጥብ ሃያ

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «ፎር ኬ» የነጥብ ብዛት ነው፣ ሌላ አይደለም። የቀድሞው መደበኛ የቴሌቪዥን ምስል 720 በ576 ነጥብ አለው። ፎር ኬ ስክሪን 3840 በ2160። ቢባዛ ልክ ሃያ እጥፍ ይመጣል። ከሳተላይት የሚመጡት ጣቢያዎች አንዳንዶቹ በኤችዲ ይላካሉ፣ ሌሎቹ አሁንም በዚያ በቀድሞው መጠን። የኋለኛውን በፎር ኬ ቴሌቪዥን ስናይ ከሃያ ነጥብ አሥራ ዘጠኙን ቴሌቪዥኑ ራሱ ከጎረቤት ነጥብ እየገመተ ነው የሚሞላው። ርካሹና ውዱ የሚለያዩት አንዱ እዚህ ግምት ላይ ነው፤ ስለ ግምቱ ግን ካርቶኑ ላይ አይጻፍም። የጣቢያውን ልክ ማወቅ ለሚፈልግ የሪሲቨሩ ሪሞት ላይ «ኢንፎ» የሚለውን መጫን ይበቃል፤ 576 ወይም 1080 ብሎ ይነግረዋል።

ሌላም ጣጣ አለ። የሳተላይት ቦታ በኪራይ ነው፤ ጣቢያዎች ወጪ ለመቆጠብ ምስሉን ጠበቅ አድርገው ያሽጉታል። ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠ ዜና አንባቢ ብዙ ስለማይንቀሳቀስ ጥርት ብሎ ይታያል። የጥምቀት ሕዝብ ታቦቱን አጅቦ ሲንቀሳቀስ፣ ነጭ ልብስ በነጭ ልብስ ላይ ሲተራመስ፣ የታሸገው ምስል አይበቃውም፤ ሕዝቡ ወደ ጭቃማ ካሬ ይለወጣል። ቴሌቪዥኑ ይሰደባል። ጥፋቱ ግን ከሥርጭቱ ነው፤ በሁለት እጥፍ ዋጋ የተገዛ ስክሪንም ያንኑ ካሬ ይበልጥ አጥርቶ ከማሳየት በቀር የሚያደርገው የለም።

ከነጥብ ብዛት ይልቅ ወንበሩ የት እንዳለ መጠየቅ ይሻላል። ጤናማ ዓይን የሚለየው ዝርዝር ልክ አለው። በባለ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ስክሪን ፊት ከአንድ ሜትር ከሰባ በላይ ርቆ የተቀመጠ ሰው ነጥቦቹን ለይቶ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ በዚያ ርቀት ፎር ኬ ቢሆን ባይሆን ልዩነቱ ለዓይኑ እምብዛም አይደርሰውም። ሳሎናችን ደግሞ ቴሌቪዥኑ በአንዱ ጥግ፣ ሶፋው በሌላው ነው። ነጥብ ከመጨመር ኢንች መጨመር፣ ኢንች ከመጨመርም ወንበሩን መሳብ ይቀድማል።

ፎር ኬን በእርግጥ የሚያየው በኢንተርኔት ቪዲዮ የሚከፍት ሰው ነው። «ስማርት» የሚለው ቃል ያኔ ይሠራል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ የብዙ ስማርት ቴሌቪዥን ዕጣ ተራ ቴሌቪዥን መሆን ነበር። ፍላሽ ያለው በፍላሽ ፊልም አየ፤ ሌላው ዲሹን።

## ሌን ከሊ መለየት

ታዲያ ገዢው ምን ይመልከት? የውጭ አገር መርማሪዎች ብርሃንና ቀለም የሚለካ መሣሪያ ስክሪኑ ላይ ይደግናሉ። ጥሊሊ ውስጥ ያ የለም፤ ግን መለኪያ ጠፍቶ አይደለም። የበቀቀኑ ችግር ማማሩ አይደለም። ያን በቀቀን በአካል ያየው የለምና ቀለሙ ተጋንኖ ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ፍላሹን ንቀሉልኝ፣ የማውቀውን አሳዩኝ ማለት ነው።

መጀመሪያ ዜና። ከስክሪኑ ግርጌ የሚሮጠውን ጽሑፍ ተመልከቱ። ፊደላችን ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ በ«ሊ» እና በ«ሌ» መካከል ያለው ልዩነት እግሯ ሥር ያለች ትንሽ ቀለበት ናት። ምስሉ ደካማ ከሆነ ቀለበቷ ትደፈናለች፣ ሁለቱ ፊደላት አንድ ይሆናሉ። ጽሑፉ ሲሮጥ ፊደሉ ጥላ የሚጎትት ከሆነ ስክሪኑ ዘገምተኛ ነው። በፊደሉ ዙሪያ ነጭ ክር የመሰለ ጠርዝ ከታየ «ሻርፕነስ» የሚባለው ከልክ በላይ ተከፍቷል፤ ያ ጥራት ሳይሆን በጥራት ስም የተጨመረ መስመር ነው፣ ዝቅ ይደረግ። የጽሑፉ ግርጌ ተቆርጦ ከሆነም ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለጥጦ ጠርዙን እየበላ ነው፤ ከምስል መጠን ማስተካከያው ይስተካከላል። ፊት ወደ ጎን አብጦ ከታየ ደግሞ በድሮው አራት በሦስት መጠን የተቀረፀው ወደ ሰፊው ስክሪን ተወጥሮ ነው። ስንቱ ቤት አሮጌ ድራማ ላይ ተዋናዮቹን ያለ ጥፋታቸው አወፍሯቸዋል!

ሁለተኛው ፊት ነው። ቀለም ሲጋነን መጀመሪያ የሚበላሸው የሰው ቆዳ ነው፤ የእኛው ቡናማና ጠይም ፊት ወይ ብርቱካናማ ይሆናል ወይ በጥላ ውስጥ ይጠፋል። የምስል መሣሪያ በታሪኩም ለእኛ ፊት አልተለካም። ኮዳክ የፎቶ ማተሚያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበትን «የሸርሊ ካርድ» ሲያሰራጭ ለብዙ ዓመታት ካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ፊት ካማረ ሌላው ሁሉ ልክ ነው ተብሎ ታሰበ፤ ጠቆር ያለው ሰው ዓይኑና ጥርሱ ብቻ እየታየ ታተመ። ዛሬ ካሜራውም ስክሪኑም ተሻሽሏል። ቢሆንም በርካሽ ስክሪን ላይ የአማርኛ ፊልም የሌሊት ትዕይንት ክፈቱና እዩ፤ በኩራዝ ብርሃን የተቀመጠው ሰው ጉንጭ፣ ፀጉሩና ከጀርባው ያለው ጨለማ ተለያይተው ከታዩ ጥሩ ነው። ሁሉም አንድ ጥቁር ከሆነ ብርሃን መጨመር አያድነውም።

> ያን በቀቀን በአካል ያየው የለም፤ ፈረስን ግን ጥሊሊ ታውቃለች።

ሦስተኛው የአዊ ሰው ብቻ በእጁ ያለው መለኪያ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር ከዚያ የተቀረፀ ቪዲዮ በየስልኩ ይሞላል። በዚያ ምስል ውስጥ ለመርማሪ የሚያስፈልገው ሁሉ አለ። ጋላቢው ስክሪኑን አቋርጦ ሲያልፍ የፈረሱ እግሮች ይቆጠራሉ ወይስ አንድ ጭጋግ ይሆናሉ? ዳማው ፈረስ ላብ ሲያወጣ ቆዳው ላይ የሚታየው ቡናማ ብልጭታ አለ ወይስ ጠፍጣፋ ጥቁር ሆኗል? የኮርቻው ጌጥ ቀይ ክር ከክር ይለያል ወይስ አንድ ቀይ ቅብ ነው? አቧራው ውስጥ ያለው ሰው ይታያል? ከኋላ ያለው የጥር ሣር እንደ ጥር ሣር ቢጫ ያለበት አረንጓዴ ነው ወይስ የክረምት ሣር መስሏል? ይህን ለመመለስ ምህንድስና አያሻም፤ ፈረስ አይቶ ማደግ ይበቃል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ቴሌቪዥን ስትገዛ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ራሷ በስልኳ የቀረፀችውን በፍላሽ ይዛ ሄዳ ሦስት ስክሪን ላይ አስከፈተች። «ሻጩ ቅር አለው። ግን ሁለቱ ላይ ሣሩ የፕላስቲክ ይመስል ነበር» ትላለች። ጥንቃቄዋን ወድጄዋለሁ፤ የስልክ ስክሪንም እንደ ሱቁ ቴሌቪዥን ቀለም ስለሚያጋንን መመሳከር ያለበት ከስልኩ ጋር ሳይሆን ከትዝታዋ ጋር መሆኑን ግን መጨመር አለብኝ።

## ግድግዳ ተደግፎ የሚያይ ሰው

የውጭ አገር የግዢ ምክር ሁሉ አንድ ሶፋ ከስክሪኑ ፊት ለፊት አስቀምጦ ነው የሚጀምረው። የእኛ ቤት እንዲህ አይደለም። መቀመጫው በግድግዳው ዙሪያ ነው፤ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይመጣል፣ እንግዳው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ልጆች ከበሩ ጋ በዱካ ይቀመጣሉ። ከፊት ለፊት የሚያየው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። የቀረው ሁሉ ከጎን ነው የሚያየው።

ገበያ ላይ ያሉት የኤልሲዲ ስክሪኖች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። ቪኤ የሚባለው ጥቁሩ ጥሩ ጥቁር ነው፤ በብርሃኑና በጨለማው መካከል ያለው ርቀት 3000 ለ1 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ግን ከጎን ሲታይ ይነጣል፣ ፊትም አመድ ይመስላል። አይፒኤስ የሚባለው 1000 ለ1 ገደማ ስለሆነ ማታ መብራት ሲጠፋ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ ከጎን ግን ቀለሙን ብዙም አይለቅም። ማታ ብቻቸውን ፊልም ለሚያዩ ባልና ሚስት የመጀመሪያው፣ በርና መስኮቱ ለተከፈተ፣ ሰው ለማይጠፋበት ቤት ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ኦሌድ የሚባለው እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን ስለሚሰጥ ሁለቱንም ችግር ይፈታል፤ ዋጋው ግን ለአብዛኛው የዚህ ጽሑፍ አንባቢ የሚቀመስ አይደለም፣ የጣቢያ አርማ አንድ ቦታ ለዓመታት ከተቀመጠበትም ምልክቱ ሊቀር ይችላል።

ለመለየት ስም ማጥናት አያስፈልግም። ሱቅ ውስጥ የሰው ፊት ክፈቱና ወደ ጎን አምስት እርምጃ ሂዱ። ወደ ታችም ጎንበስ በሉ፤ ልጆች በዱካ ዝቅ ብለው ተቀምጠው ነው የሚያዩት።

## ድምፅ አለ፣ ምስል የለም

ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለው ጥገና ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ካውያ፣ ስታኞና ቴስተር ተዘርግቷል፤ ግድግዳውን የተደገፉት ቴሌቪዥኖች ደግሞ ከግማሽ በላይ አንድ በሽታ ይዘው የመጡ ናቸው። «ድምፅ አለ፣ ምስል የለም» ይላል ባለቤቱ ሲያመጣው። ጠጋኙ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ የስልኩን ባትሪ መብራት ስክሪኑ ላይ አስጠግቶ ያበራል። በጨለማው ውስጥ ዜና አንባቢው በስሱ ይታያል፤ ከረባቱ ሳይቀር። ምስሉ አለ። የሌለው ከጀርባው የሚያበራው ነው።

የኤልሲዲ ስክሪን ራሱ አያበራም። ከኋላው በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ኤልኢዲ መብራቶች አሉ፤ ጠጋኞች «ባክላይት» ይሉታል። መብራቶቹ በተርታ ስለሚያያዙ አንዷ ስትቃጠል ተርታው ሙሉ ይጠፋል። ከመብራቶቹ በላይ ብርሃኑን የምትበትን ትንሽ የፕላስቲክ ሌንስ ተለጥፋለች፤ ሙቀት በዝቶ ማጣበቂያው ሲለቅ ሌንሷ ትወድቃለች፣ ስክሪኑም ላይ ደማቅ ነጭ ክብ ይቀራል። ምስሉ ቀስ በቀስ ወደ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ሲዞርስ? እነዚህ ነጭ የሚመስሉት መብራቶች በመሠረቱ ሰማያዊ ናቸው፤ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙበት ሰማያዊ ኤልኢዲ። ነጭ የሚያስመስላቸው የተቀቡት ቢጫ ቅባት ነው። ቅባቱ በሙቀት ሲሞት ሰማያዊው ብቻውን ይቀራል።

እንግዲህ ሱቅ ውስጥ ገዢን ያማለለው ሙሉ ብርሃን ነው ይህን ሙቀት የሚያመጣው። ከሱቅ ወደ ቤት ሲመጣ ብዙ ሰው ያንኑ አሠራር ሳይነካ ለዓመታት ይጠቀማል። ጠጋኙ የጠገነውን ሁሉ ሲመልስ የባክላይቱን ልክ ዝቅ አድርጎ ነው፤ አንዳንዱ ደንበኛ «አበላሸህብኝ» ብሎ ይመለሳል። መብራት ሲሄድና በድንገት ከፍ ብሎ ሲመጣ የሚያደርሰው ጉዳት ሌላ ነው፤ እሱ የሚመታው ቦርዱን ነው፣ ደህና ስታብላይዘር ይፈልጋል።

በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሽቅብ ወጥቷል። ቀድሞ የተበላሸውን ጥሎ አዲስ የሚገዛው አሁን ወደ ጥገና ይመጣል። ጠጋኙ አልከፋውም።

## ኳሷ ጅራት ስታወጣ

ቅዳሜ ከሰዓት የምስል ጥራት ክርክር የሚሰማው በዲኤስቲቪ ቤት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም በዲኤስቲቪ መታየት ጀምሮ ነበርና ቤቱ የእንግሊዝን ደጋፊ ብቻ ሳይሆን የአገሩንም ያውቃል። እዚህ ያለው ተመልካች ስለ ኬልቪንም ስለ ቪኤም ሰምቶ አያውቅም፤ ግን «ኳሷ ጅራት አወጣች» ይላል። አባባሉ ትክክል ነው። ኤልሲዲ አንዱን ምስል ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ እንደያዘ ይቆያል፤ ዓይናችን ደግሞ ኳሷን ተከትሎ ይሄዳል። ምስሉ ቆሞ ዓይን ሲሄድ የሚፈጠረው ጭጋግ ነው ጅራቱ። ስክሪኑ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ለመለወጥ ሲዘገይ ጅራቱ ይረዝማል።

አምራቾች መድኃኒት ብለው በሁለት ምስሎች መካከል ሦስተኛ ምስል ገምተው ያስገባሉ። ለኳስ ደህና ነው፤ ሲሳሳት ግን ኳሷ ከተጫዋቹ እግር ሥር ትሰወርና ከፊቱ ብቅ ትላለች። ለፊልም ሲሆን ሁሉንም ነገር የስቱዲዮ ቀረፃ ያስመስለዋል፤ ቶም ክሩዝ በ2018 እ.ኤ.አ. ተመልካቾችን «ይህን አጥፉት» ብሎ የለመነበት ቪዲዮ የወጣው በዚህ የተነሳ ነው። ካርቶን ላይ የሚጻፈው 200ና ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥርም ብዙ ጊዜ የዚህ ግምት ስም እንጂ የስክሪኑ ፍጥነት አይደለም።

የቤቱ ባለቤት ግን ዋና ጠላቱ መስኮቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቆርቆሮው ሥር ገብታ ስክሪኑ ላይ ስታርፍ ከፊት ወንበር በቀር የሚያይ የለም። መጋረጃ ሰቀለ፤ ሙቀት ሆነ። በመጨረሻ ቴሌቪዥኑን ነቅሎ መስኮቱ ወዳለበት ግድግዳ አዞረው፣ ብርሃኑ ከጀርባው እንዲሆን። ያ ከሁሉ ሠራ።

የጠጋኙን ምክር ሰምቶ ባክላይቱን ዝቅ ያደረገበት ቅዳሜ ግን ቤቱ በጩኸት ተሞላ፤ «ደበዘዘ! ሸጥኸው እንዴ?» አሉት። አሁን ሁለት ልክ አለው፣ አንዱ ለቀን ጨዋታ፣ ሌላው ለማታ። የማታውን የሚያደርገው ከጨዋታው በፊት፣ ሰው ሻይ እያዘዘ ሳለ ነው። እስካሁን ያስተዋለ የለም፤ ሪሞቱን ግን ከኪሱ አያወጣውም።